ለድመቷ የቆጠርኩላት ሰማንያ ቀን

በእጄ ገብቶ ተበላሽቶ የቀረ ዕቃ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሰፈሩ የሚመሰክረው ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከቆሻሻ ያነሳሁትን አንድ ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈታትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት፤ በአራተኛው ሲያወራ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፣ ከዚያም የውሃ ፓምፕ፣ ቀጥሎም ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ሞክረው የተዉት ማቀዝቀዣ ሁሉ። እንግሊዝኛንም ከመዝገበ ቃላት ነው የተማርኩት። ከኤ ጀምሬ እስከ ኤም በትክክል አንብቤዋለሁ፤ የቀረውን በልምድ እሞላዋለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ስለኔ የተሳሳተ ግምት እንዳይወስድ ነው። ያቺ ድመት የሞተችው አላዋቂ እጅ ገብታ አይደለም። የሚያውቅ ሰው እጅ ገብታ ነው የሞተችው።

ቤቴ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ነው፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ወደ እንጦጦ መውጣት የሚጀምርበት። ከጀርባዬ ባህር ዛፍ ነው፤ ከፊት ለፊቴ፣ ከቁልቁለቱ በታች፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ያ ሰፈር ለልማት ተነሳ። ሰዎቹ ቁም ሳጥናቸውንና ፍራሻቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ውሾቹ እስከ ድልድዩ ድረስ መኪናውን እየተከተሉ ሮጡ። ድመቶቹ ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ውሻ ሰው ይወዳል፣ ድመት ቤት ትወዳለች ይባላል፤ እውነት ነው። ቤቱ ፈርሶ እንኳ፣ በሩ የነበረበት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሰው እንዲከፍትላቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ አንድ በአንድ ጠፉ።

እኔ ወደ ፍርስራሹ የወረድኩት ለሽቦ ነው። ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን ነቅሎ ሲሄድ በግድግዳው ውስጥ ያለውን መዳብ ይረሳዋል። የወደቀ ቆርቆሮ ሳነሳ ከስሩ አገኘኋት። ግራጫ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት፣ ጎኗ አጥንት ሆኖ ሆዷ ብቻ የተነፋ። አልሸሸችም፤ መሸሽ አቅቷት ይመስለኛል። በሽቦው ፈንታ እሷን በዘንቢሌ ይዤ ወጣሁ።

ፍልሰታ በገባ ቀን ወለደች፤ አራት። ስዕል ማሳያው ወጥቶለት ባዶ የቀረ አሮጌ የእንጨት ቴሌቪዥን ነበረኝ። ውስጡን በጨርቅ አልብሼ አልጋዋ አደረግሁት። ለብርዱ ደግሞ አንድ አምፖል ከላይ አንጠለጠልኩና፣ ከተቃጠለ ካውያ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ፈትቼ ገጠምኩለት። ሲሞቅ ራሱ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ያበራል። እንዲህ ዓይነት ነገር በገንዘብ የሚሸጥበት አገር እንዳለ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በግማሽ ቀን ሠራሁት።

አጥሬ ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤቴ ልታይ መጣች። የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ነበረች፤ ባለቤቴ ከሞተች በኋላም በሳምንት ሁለት ቀን ሳህን ከድና ትልክልኛለች። ጎንበስ ብላ በቴሌቪዥኑ ፊት አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ገና ዛሬ ነው የሚታይ ነገር ያሳየው» አለች።

«ሙቀቱን አየሽው? ማንም ሳይነካው ራሱን ይቆጣጠራል።»

«አየሁት። እኔ አራት ስወልድ አምፖል ያንጠለጠለልኝ የለም።» ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደችና ድመቷን ግንባሯ ላይ አሸት አደረገቻት። «አይዞሽ አራስ። ደህና እጅ ገብተሻል።»

ቃሉ ደስ አለኝ። አራስ። በቤቴ ውስጥ ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

ከአራቱ አንዱ ወንድ ነው፤ ሦስቱ ሴቶች። በዚያ ዕድሜ ወንድና ሴት መለየት ለሐኪምም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልተሳሳትኩም። አንዷ ሴት በአምስተኛው ቀን ሞተች። ሦስቱ ጠቡ፣ ወፈሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቲቱ አንድ ጡት አበጠና ጠነከረ። እሱን በሙቅ ጨርቅ ልመልሰው ሞክሬ ሲያቅተኝ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ክሊኒኩ ጉርድ ሾላ አካባቢ ነው፤ ከፈረንሳይ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ዘንቢልዎ ያለቅሳል» አለ ወያላው። «ዶሮ ነው?»

«ድመት ናት። ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው።»

ከኋላ ያለች ሴትዮ ሳቀች። «ድመት ሐኪም ቤት ስትሄድ እኛ ዳማከሴ እንጨምቃለን።»

«ተዪያት» አላት አጠገቧ ያለው። «ድመቷም ዳማከሴ ብታጣ ነው።»

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የልጅ ልጄ ብትሆን የምትደርስ። ጡቱን አየች፣ መርፌ ወጋቻት፣ የሚቀባ ሰጠችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣ ሽማግሌ እንዲይዘው በሚነገርበት አነጋገር ነገረችኝ።

«አባቴ፣ ልጆቿ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው፣ በራሳቸው መብላት ሲጀምሩ፣ እሷን ያምጡልኝ። ጡቷ ትንሽ ሲደርቅ ያኔ እናመክናታለን። እስከዚያ ግን ከቤት አትውጣ። ሰው ድመት እያጠባች አትፀንስም ይላል። ትፀንሳለች። ከወለደች ወር ሳይሞላት የምትፀንስ አለች። በዚህ አቅሟ ሌላ እርግዝና አትችልም።»

«ገብቶኛል» አልኩ።

«ልጻፍልዎት?»

«ጭንቅላቴ ይጽፋል» አልኳት። እሷ ግን ጻፈችልኝ። «ማምከን፦ ከ8 ሳምንት በኋላ» ይላል ወረቀቱ። እስካሁን አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ ያየሁት የመጀመሪያውን ቃል ነበር። ማምከን። መካን ማድረግ።

የሰማንያ ሚስቴ ከኔ ጋር ኖራ ልጅ ሳትወልድ ሞተች። እናቴ «መካን» ትላት ነበር፣ ፊት ለፊት። ወንድሜ ደግሞ ሲጠጣ «በቅሎ» ይላታል፤ በቅሎ አትወልድምና። ከተጋባን በሰባተኛው ዓመት ሁለታችንም ተመረመርን። ሐኪሙ እኔን ብቻ ጠርቶ ጉድለቱ የኔ መሆኑን ነገረኝ። ለሚስቴ በዚያኑ ቀን ነገርኳት፤ አልደበቅኋትም። «እናቴ ግን እንዳትሰማ» አልኳት። እሷም እሺ አለች። እናቴ እስክትሞት ድረስ በቅሎ እየተባለች ወጥ ሠርታ አቀረበችላት። ሳህኑን ስታነሳ ዓይኔን አታየኝም ነበር። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ያን ቃል በወረቀት ላይ ጽፋ በእጄ የሰጠችኝ ልጅ ይህን አታውቅም። እኔም ልነግራት አልችልም ነበር። ያደረግሁት ሌላ ነው፤ ሌላ ቁጥር ፈለግሁ።

በኛ ወግ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ቤቷ ትታረሳለች። በጎረቤት ቤት ሁሉ ሲቆጠር ሰምቻለሁ፤ ዛሬ አርባዋ ነው፣ ነገ ሰማንያዋ ነው፣ ድግስ አለ ና ይባላል። እኔ ቤት ተቆጥሮ አያውቅም። ሴቶች ልጆች ስላሏት ሰማንያ ይገባታል አልኩ። አራስን ቢላ አይነካትም። የሐኪሟም ወረቀት ቢሆን «ከ8 ሳምንት በኋላ» ነው የሚለው፤ ስምንት ሳምንት ሃምሳ ስድስት ቀን ነው፤ ሰማንያም ከሃምሳ ስድስት በኋላ ነው። ቃል በቃል ሲታይ ምንም አላጠፋሁም። ሂሳብ ማንም አያርመኝም።

ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ ጭረት መጫር ጀመርኩ። ያለፈውን አሥራ ሁለት ቀን ሞላሁና ከዚያ በየጠዋቱ አንድ። ጳጉሜንም አልዘለልኩም። ገንፎም አገነፋሁላት። ገንፎውን ትታ መሃሉ ያለውን ቅቤ ላሰችው፤ የቀረውን እኔ በላሁት።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር፣ ድመቷ በሩ ስር መቀመጥ አመጣች። መስኮት ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ታየኛለች። አራስም ብትሆን ፀሐይ ይገባታል ብዬ በሩን ከፈትኩት። ማንም አልከፈተውም፤ እኔ ነኝ። ሐኪሟ ያለችውን ረስቼ አይደለም፤ የሚረሳ ጭንቅላት የለኝም። ልጅ ናት፣ ከመጽሐፍ ነው የምታወራው ብዬ ነው። እኔ ራሴ እንግሊዝኛዬን በሙሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁ ሰው ነኝ።

ጎረቤቴ ከሱቋ መስኮት ሆና ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ያ ጥቁር ወንድ ከጣራዎ ላይ አልወርድ አለ እኮ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ጆሮው የተቀደደ፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ ጥቁር ድመት ቆርቆሮው ላይ ተጋድሟል።

«ተዪው፣ ፀሐይ እየሞቀ ነው።»

«ፀሐይማ የኔም ጣራ ላይ አለ። እሷን ያስገቧት።»

«የምታጠባ እናት አትፀንስም» አልኳት። «ተፈጥሮ የሠራችው ፊውዝ ነው። ወተቱ እስካለ ድረስ መስመሩ ተቋርጧል።»

ሳቋ መስኮቱን ሞላው። «የኔ ፊውዝ ታዲያ መቼ ተቃጠለ? ሦስተኛዬን የፀነስኩት ሁለተኛው ጡቴ ላይ እያለ ነው።»

«አንቺ ሰው ነሽ። ይሄ የእንስሳ ጉዳይ ነው።»

«እሺ፣ እሱስ?» አለች በአገጯ ወደ ጣራው እያመለከተች። «ማጥባቷን ማን ነግሮታል?»

ሂሳቡን በኋላ ሠርቼዋለሁ። የፀነሰችው መስቀል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። አርባ ሦስተኛው ጭረት ላይ።

ወንዱን ልጅ በአርባ ቀኑ ለጎረቤቴ ሰጥቻት ነበር፤ መጋዘኗን አይጥ ፈጅቶባት ነበርና። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መስከረም ሳያልቅ አስፋልቱ ድረስ ወርዳ መኪና ገጫት። የቀረችው ጅራቷ ጫፍ ላይ ነጭ ያለባት ናት፤ ሁለት ወር አልፏት እንኳ እናቷን መጥባት አልተወችም። እናቲቱ ጀርባዋ ሾጠጠ፣ ሆዷ ግን ክብ ሆነ። እኔ ይህን ለጎረቤቴ በኩራት አሳየኋት። «አየሽ፣ አበላኋት፣ ሥጋ ያዘች» አልኩ። ጎረቤቴ ሆዱን አየችና ወደኔ አየች፤ ሚዛኗን መጥረግ ቀጠለች። ያን ቀን አለመሳቋ ነገሩን ሊያስረዳኝ ይገባ ነበር፤ ሳትስቅ የቀረችበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

የሰማንያኛውን ቀን ጭረት ከሌሎቹ አስረዝሜ ጫርኩት። ጥቅምት ነው፤ የእንጦጦ ንፋስ ባህር ዛፉን አልፎ ቆዳ ይቆርጣል። ኮቴን ለበስኩ፣ ድመቷን በዘንቢል አደረግሁ፣ ሄድኩ። ሐኪሟን ቃሌን እንደጠበቅሁ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተዛነፍኩ ነገርኳት። ሰማንያ ቀን አልኳት።

«ለምን ሰማንያ?» አለች።

«ሴቶች ልጆች ናቸው ያሏት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፈገግ ልትል ጀምራ እጇ ድመቷ ሆድ ላይ ቆመ። ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ከላይ ወደ ታች አወረደች፣ እንደገና መለሰች። ከዚያ የድመቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን አሳየችኝ። ነጭ ነው፤ እንደ ወረቀት።

«አባቴ፣ አርግዛለች። አምስት ሳምንት አልፎታል።»

ድዷን እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«ወጥታ ነበር?»

«ፀሐይ ልትሞቅ» አልኩ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አለኝ። «ሁለት ምርጫ ነው ያለን» አለች። «ዛሬ ብሠራት ማህፀኗን ከነልጆቹ አወጣዋለሁ። ደም የላትም፣ አስጊ ነው። ካልሠራኋት ደግሞ ትወልዳለች፤ ያ ይበልጥ ያስፈራኛል። እኔን ከጠየቁኝ ዛሬ። በየቀኑ እየከበደ ነው የሚሄደው።»

«ከነልጆቹ?»

«ከነልጆቹ።»

ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ሆና ኮቴን ታሸት ነበር። እኔ በዚያን ሰዓት ያሰብኩትን እውነቱን ልጻፍ። ስለ ድመቷ አላሰብኩም። ስለ ሚስቴ ነው ያሰብኩት። ማህፀን የሚለውን ቃል፣ ማምከን የሚለውን ቃል፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ፈርሜ ልወጣ አልቻልኩም። «አበላታለሁ» አልኩ። «ደም የሚተካ ነገር አውቃለሁ። ወልዳ፣ ስምንት ሳምንት ሲሞላ፣ በሰዓቱ አመጣታለሁ።»

«አባቴ…»

«በእጄ ገብቶ የተበላሸ ነገር የለም» አልኳት።

የስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ምጥ ከጀመራት በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ገፍታ ምንም ካልወጣ፣ ሳልጠብቅ እንዳመጣት ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም። በየቀኑ ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት። ትንሿን ከጡቷ ለይቼ ሌላ ክፍል አደረግኋት። ድመቷ ጉበቱን ታሸተዋለች፣ ትንሽ ትበላለች፣ ትተወዋለች። ፀጉሯ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። እኔ ግን በየጠዋቱ ድዷን እየገለጥኩ «ዛሬ ትንሽ ቀላ» እል ነበር። በዚያው ሰሞን ሰዎች መጥተው የግቢዬን በር ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ፤ ቁጥርና ምልክት። ቀጣዩ የሚነሳው የኛ መስመር ነው ማለት ነው። አላነበብኩትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ምጡ የጀመራት ህዳር ሲታጠን ዕለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ከምሮ እሳት ለኩሶበታል፤ ከላይ እስከ ታች ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኗል። እኔም ያረጀ የሬዲዮ ሳጥን ላቃጥል ወጥቼ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስትገፋ አገኘኋት። አምፖሉን አበራሁ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

አንድ ሰዓት አለፈ። በመጀመሪያው ወሊዷ አይቻለሁ፣ በልጅና በልጅ መሃል ትንሽ ይቆያል፣ ስለዚህ ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የሐኪሟ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ወተት ባፏ አደረግሁላት። ሆዷን በሙቅ ጨርቅ ያዝኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጎረቤቴ በሻሽ አፍንጫዋን ይዛ፣ ከጭሱ እየሸሸች ገባች።

«ጋሼ፣ ይህች ልጅ አትወልድም» አለች። «ዓይኗን ይዩት።»

«ቆይ ትንሽ።»

«እኔንም አዋላጇ ቆይ ትንሽ ስትለኝ ነው መጀመሪያዬን ያጣሁት። ይነሱ።»

ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ዘንቢሉን ራሷ አወረደችው፣ ጨርቅ ራሷ አነጠፈችበት። ስልክ ልደውል ብል ቁጥሩን በመነጽሬም ማንበብ አቃተኝ፤ እሷ ደወለችልኝ። «አምጧት፣ እየጠበቅኩ ነው» አለች ሐኪሟ።

ቁልቁለቱን በጭስ ውስጥ ወረድኩ። ታክሲው እስከ መገናኛ ደህና ሄደ። መገናኛ ላይ ግን የጉርድ ሾላው ሰልፍ እስከ ሱቆቹ በር ደርሷል። ለሰው ባስረዳ ያስቀድሙኝ ነበር፤ ሽማግሌ ነኝ፣ በዘንቢል የምታምጥ ድመት ይዣለሁ ብል የሚስቅም የሚያዝንም አይጠፋም። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። በዕድሜዬ ሁሉ ከማውቀው በላይ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ እዚያ ሰልፍ ላይ አንድ ቃል አጣሁ።

መሃል ላይ ስንደርስ ዘንቢሉ ከበደኝ። ሕያው ነገር ሲሸከሙት ራሱን ይይዛል፣ ክብደቱን ለሚሸከመው ያቀልለታል። ያ ቀረ። አልከፈትኩትም። ሰልፉ ወደፊት ሄደና ከኋላዬ ያለው ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ።»

ገባሁ። መመለስ እችል ነበር፤ ግን እየጠበቅኩ ነው ብላለች።

ሐኪሟ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች፣ አየች፣ ማዳመጫውን አደረገች፣ አነሳችው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመራት?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጨርቁን መልሳ አለበሰቻት፣ እንደ ሰው፣ ከአንገት በታች። ከዚያ ስትታጠብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠየቀችኝ።

«ከልጆቿ የቀረ አለ?»

«አንዲት ሴት አለች።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«አንድ መቶ ስድስት ቀኗ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አምስት ወር ሲሞላት ያምጧት» አለች። «እሷ ከወለደች በኋላ አይደለም የሚቆጠረው። ከመውለዷ በፊት ነው።»

እናቲቱን ከቤቴ ጀርባ ባህር ዛፉ ስር ቀበርኳት። ሥሩ መሬቱን እንደ ሽቦ አስሮት ነበር፤ ጉድጓዱ ጥልቅ አልሆነም። ድንጋይ ጫንኩበት።

ትንሿን በር ዘግቼ አሳደግኋት። ጥቁሩ ወንድ ጣራው ላይ ወጥቶ ሲጮህ እሷ መስኮቱን ስትቧጭር፣ ቧንቧ የማስርበትን ሽቦ አምጥቼ መስኮቱን ሰፋሁት። ጎረቤቴ በሱቋ መስኮት ብቅ ብላ «እስር ቤት ከፈቱ ጋሼ?» ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ድመት አትቀልድም።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወሰድኳት። ሐኪሟ ፎርም ሰጠችኝ። «የቀዶ ሕክምናው ዓይነት» በሚለው ቦታ «ማምከን» ብላ ጽፋለች። ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ጠበቀችኝ፣ አልቸኮለችም። ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ በሰመመን የደነዘዘች፣ ሆዷ የተላጨ፣ አራት ጣት በማይሞላ ስፌት የተዘጋች ድመት በዘንቢል አስረከበችኝ። ትተነፍስ ነበር። መንገዱን ሁሉ እጄን ከጎኗ ላይ አላነሳሁም።

ትክክለኛ ነገር ሠርቻለሁ፤ በትክክለኛው ጊዜም ሠርቻለሁ። ለጎረቤቴ ሄጄ ላወራላት አሰብኩና ተውኩት። የሚወራ ነገር አላገኘሁበትም። ከዚያ ሁሉ ነፍስና ከብዙ መንገድ በቤቴ አንዲት ድመት ተረፈች፤ ለዚያውም እናቷ መትረፍ ስትችል።

አሁን ስፌቷ ደርቋል። መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች፤ ጥቁሩ ጣራው ላይ ሲመጣ እንደ ድንጋይ ታየዋለች። ከቆጣሪው አጠገብ ያሉት ሰማንያ ጭረቶች አሉ፤ ልጠርጋቸው አስቤ ነበር፣ ግድግዳው ራሱ የሚጠረግ ስለሆነ ተውኳቸው። እኔንም ወደ የካ አባዶ ነው የሚወስዱኝ፤ አራተኛ ፎቅ ደርሶኛል። ድመቷን በዘንቢል ይዣት እሄዳለሁ። አብራኝ እንደማትቆይ አውቃለሁ። ድመት ቤት እንጂ ሰው አትከተልም። አንድ ቀን በር ክፍት ታገኛለች፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ትመጣለች፣ በሩ የነበረበት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች።

ብትመጣ ብቻዋን ነው የምትመጣው። በሆዷ የያዘችው አይኖርም፤ ቆርቆሮ ስር ገብታ የምትወልደው የለም። ለእናቷ ማድረግ የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።